ስለ ብርሃን ሰጪ የደም መመርመሪያ ኬሚካሎችና ስለ ንግዳቸው

በአራዳና በፒያሳ፣ እንዲሁም ከአራት ኪሎ እስከ አምስት ኪሎ ባለው አካባቢ፣ የሐኪም ትእዛዝ ይዞ ለሚመጣ ሰው ደም ወስደው ውጤት የሚሰጡ የሕክምና ላቦራቶሪዎች አሉ። በነዚህ ቤቶች ከሚሠራባቸው ዕቃዎች መካከል በዋጋው ውድነትም ሆነ በአያያዙ አስቸጋሪነት ከሌላው ሸቀጥ የሚለይ አንድ የንግድ ዕቃ ይገኛል። ይኸውም በደም ውስጥ የተሰወረውን የበሽታ ምልክት ብርሃን በማመንጨት የሚያስታውቀው ኬሚካል ነው፤ በንግዱ ዓለም ሬጀንት በሚለው የወል ስም ይታወቃል። ዕቃው በጥቃቅን ጠርሙሶች ታሽጎ፣ በበረዶ ታጅቦ በአውሮፕላን ስለሚመጣ ብዙው የንግድ ሰው መድኃኒት ይመስለዋል። መድኃኒት ግን አይደለም፤ በሽተኛው አይውጠውም፣ አይወጋውምም። ከበሽተኛው በተወሰደው ጥቂት ደም ላይ ተጨምሮ፣ ሥራውን ፈጽሞ፣ ከደሙ ጋር ይጣላል።

ስለዚህ ዕቃ በዚህ ጋዜጣ መጻፍ ያስፈለገው በሁለት ምክንያት ነው። ፊተኛው፣ ከጨርቃ ጨርቅና ከቤት ዕቃ ንግድ ወደ ሕክምና ዕቃ አስመጪነት ለመሻገር የሚያስቡ ነጋዴዎች የዕቃውን ጠባይ ሳያውቁ ገንዘባቸውን እንዳያፈስሱ ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን፣ ከላቦራቶሪ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የውበት ዕቃ ባለ ሱቅ እንኳ፣ ሳያውቀው በደም ምርመራ ውጤት ላይ እጁን የሚያስገባበት መንገድ ያለ መሆኑ ነው። ይህን ነገር በቦታው እንመጣበታለን፤ አስቀድሞ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ይገባል።

ሰው ሲታመም ደሙ ይለወጣል። የልብ ጡንቻ ደም አጥቶ ሲጎዳ ትሮፖኒን የተባለ ፕሮቲን ከጡንቻው እየወጣ ወደ ደም ይገባል። የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲዛባ፣ ከአንጎል ሥር ካለው ዕጢ የሚላከው ቲ ኤስ ኤች የተባለው ሆርሞን ይበዛል ወይም ያንሳል። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ በሰውነት ውስጥ ካለ፣ የቫይረሱ ሽፋን ፕሮቲን በደም ውስጥ ይገኛል። ችግሩ የነዚህ ነገሮች መጠን እጅግ ማነሱ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ የታወቀ የትሮፖኒን ምርመራ የጤነኛ ሰው የመጨረሻ ወሰን ተብሎ የተቀመጠው በአንድ ሊትር 14 ናኖግራም ነው፤ ናኖግራም የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ይህን ለነጋዴ በሚገባ ሚዛን ብንመነዝረው፣ 14 ግራም ስኳር፣ ማለት ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል፣ እያንዳንዳቸው 10,000 ሊትር በሚይዙ 100,000 የውኃ ቦቴዎች ውስጥ እኩል ቢሟሟ የሚሆነው ቅጥነት ማለት ነው። ላቦራቶሪው ከዚያ ውኃ ጥቂት ጠብታ ብቻ ተቀብሎ «የስኳሩ ልክ ይህን ያህል ነው» ብሎ እንዲናገር ይጠየቃል። ተራ ቀለም ለዚህ አይበቃም። በጨለማ ቤት ውስጥ ግን የአንዲት ክብሪት ጭላንጭል ከማዶ እንደምትታይ ሁሉ፣ ፍጹም በጨለመ ሣጥን ውስጥ የሚፈነጥቅ ብርሃን እጅግ ጥቂት ቢሆንም ይቆጠራል። ብርሃን የተመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኬሚካል ያለ እሳት ያበራል ሲባል ተረት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ሆኖም በሌሊት በሣር መካከል ብልጭ ድርግም የምትለውን ጥንዚዛ ያየ ሰው ነገሩን በዓይኑ አይቶታል፤ የጥንዚዛዋ ብርሃን በሆዷ ውስጥ ካሉ ኬሚካሎች መዋሐድ የሚመነጭ ነው፤ እንደ ኩራዝ ግን አያቃጥልም። በፋብሪካ ከሚሠሩት እንዲህ ካሉ ኬሚካሎች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ሉሚኖል ነው። አልብረኽት የተባለ የጀርመን ኬሚስት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. የሉሚኖልን ሰማያዊ ብርሃን በጽሑፍ አስታወቀ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ሽፔኽት የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ወንጀል በተፈጸመበት ስፍራ የደም ነጠብጣብን ለመፈለጊያ ተጠቀመበት፤ በደም ውስጥ ያለው ብረት ብርሃኑን ያፋጥነዋልና። ሉሚኖል በዚያ ዘመን ደም መኖሩን እንጂ በደሙ ውስጥ ምን እንዳለ መናገር አይችልም ነበር። ለዚህ ሌላ አጋዥ አስፈለገ፤ እርሱም አንቲቦዲ ነው።

አንቲቦዲ ሰውነት ከውጭ የሚገባውን ባዕድ ነገር ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ሲሆን፣ ቁልፍ ከአንድ ጓጉንቸር ጋር ብቻ እንደሚገጥም ከአንድ ነገር ጋር ብቻ ይገጥማል። ፋብሪካዎች ትሮፖኒንን ብቻ የሚይዝ፣ ወይም የሄፓታይተስ ቢን ሽፋን ብቻ የሚይዝ አንቲቦዲ አባዝተው ያዘጋጃሉ። በምርመራው ጊዜ ሁለት አንቲቦዲዎች ባንድነት ይሠማራሉ። አንደኛው ከጥቃቅን የማግኔት ቅንጣቶች ጋር የሚታሰር ሲሆን ሥራው መያዝ ነው። ሁለተኛው ብርሃን ሰጪውን ኬሚካል ተሸክሟል፤ የርሱ ሥራ ማስታወቅ ነው። የሚፈለገው ምልክት በደሙ ውስጥ ካለ፣ አንደኛው በአንድ ወገኑ፣ ሁለተኛው በሌላ ወገኑ ይይዙታል። ነገሩ በሁለት ፊርማ ብቻ እንደሚከፈል ቼክ ነው፤ አንዱ ፊርማ ከጎደለ ባንኩ አይከፍልም፤ አንዱ አንቲቦዲ ካልያዘም ብርሃን አይወጣም። ቀጥሎ ማግኔት ቅንጣቶቹን ስቦ ይይዝና የቀረው ሁሉ ይታጠባል። ብርሃን ሰጪው ኬሚካል ተይዞ የሚቀረው ምልክቱ በነበረበት ልክ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ብርሃን የሚቆጥረው ዐይን መሰል መሣሪያ ይቆጥረዋል፤ የመሣሪያው ኮምፒዩተር ቁጥሩን ወደ መጠን ለውጦ በወረቀት ያወጣል።

ብርሃኑ የሚወጣበት መንገድ እንደ ፋብሪካው ይለያያል፤ ይህንም አስመጪ ሊያውቀው የሚገባ ነው፤ ምክንያቱም የአንዱ ሬጀንት በሌላው መሣሪያ ላይ አይሠራም። የስዊሱ ሮሽ ሩቴኒየም የተባለውን ብረት የያዘ ውሁድ ይጠቀማል። ይህ ውሁድ ትሪፕሮፒላሚን ከተባለ ኬሚካል ጋር ሆኖ ኤሌክትሪክ ሲነካው ብርቱካንማ ቀይ ብርሃን ይሰጣል፤ ሰጥቶም አያልቅም፤ ኤሌክትሪኩ እስካለ ድረስ ደጋግሞ ያበራል። የዚህን ሩቴኒየም ጠባይ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. ካስታወቁት ሊቃውንት አንዱ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት አለን ባርድ ናቸው። አቦትና ሲመንስ አክሪዲኒየም የተባለውን ይመርጣሉ፤ እርሱ እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ ወዲያው ይጠፋል። ቤክማን ኩልተርና የቻይናው ማይንድሬይ በኢንዛይም እየተቆረሰ ቀስ ብሎ የሚያበራ ዳዮክሴቴን የተባለ ኬሚካል አላቸው። ሌላው የቻይና ፋብሪካ ስናይብ የሉሚኖል ዘመድ በሆነ ውሁድ ይሠራል። አብዛኞቹ ምርመራዎች ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃሉ፤ በሮሽ መሣሪያ የተለመደው 18 ደቂቃ ነው፤ ለአስቸኳይ በሽተኛ የሚሆነው 9 ደቂቃ ብቻ ይፈጃል።

ከዚህ ቀደም ይህ ሥራ የሚሠራው በጨረር ነበር። ሮዛሊን ያሎውና ሰሎሞን በርሰን የተባሉ የኒው ዮርክ ተመራማሪዎች በፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን በመጠቀም በሰው ደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን ለመለካት ቻሉ። በርሰን በ1972 ዓ.ም. ስላረፉ፣ በ1977 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት የተቀበሉት ያሎው ናቸው። ዘዴው ዓለምን ያስደነቀ ቢሆንም፣ ጨረር የሚረጭ ዕቃ ማስመጣት፣ ማስቀመጥና መጣል የመንግሥት ልዩ ፈቃድ የሚጠይቅ፣ የዕቃውም ዕድሜ በሳምንታት የሚቆጠር ነበር። ብርሃን ሰጪ ኬሚካሎች ቦታውን የወረሱት በአንድ በኩል በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ የዛሬው አስመጪ በበረዶና በቀን ገደብ ሲጨነቅ፣ የቀደመው ዕቃ የባሰ እንደ ነበር ያስብ።

በዚሁ አጋጣሚ ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠቅማል። ከላይ የተነገረው ብርሃን ከኬሚካሉ ከራሱ ይመነጫል። ሌላ ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ የሚያበራ ሌላ ወገን ኬሚካል ደግሞ አለ፤ ፍሎረሰንስ ይባላል። የኮሮና በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በተረጋገጠ ጊዜ የተሠራበት የቫይረስ ዘር ምርመራ በዚህኛው መንገድ የሚሠራ ነው። ሕዝቡ ዛሬም ፓስተር እያለ በሚጠራው ሠፈር በጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን ምርመራ ጀምሮ ወደ ሌሎች ላቦራቶሪዎች አስፋፍቶታል፤ የሠፈሩ ስም በ1940ዎቹ ዓ.ም. ከተቋቋመው የፓስተር ኢንስቲትዩት የቀረ ነው። በዚያ ዓመት ዓለም ሁሉ ለአንድ ዐይነት ሬጀንት ሲሻማ፣ ገንዘብ ይዞ ዕቃ ማጣት ምን እንደ ሆነ ብዙ አስመጪ አይቷል። የበርበሬና የለውዝ ላኪዎችም ከፍሎረሰንስ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው፤ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ቢ እና ጂ ተብሎ የተከፈለው በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር አንደኛው ሰማያዊ፣ ሁለተኛው አረንጓዴ ስለሚያበራ፣ ከእንግሊዝኛ የቀለሞቹ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ተወስዶ ነው። ከዚህም ሌላ፣ በቀጭን ወረቀት ላይ ቀይ መስመር የሚያወጣው ፈጣን ምርመራ አለ፤ እርሱ ከብርሃኑ ወገን አይደለም። የፒያሳ ወርቅ ነጋዴዎችን ደስ የሚያሰኘው ግን፣ በብዙዎቹ ፈጣን ምርመራዎች ያ ቀይ መስመር ደቅቆ እንደ ቀለም የሆነ ወርቅ መሆኑ ነው። ፈጣኑ ምርመራ «አለ» ወይም «የለም» ይላል፤ ስንት እንደ ሆነ በትክክል ማወቅ ሲያስፈልግ ወደ ብርሃኑ መሣሪያ ይኬዳል።

አሁን ወደ ንግዱ እንግባ። ይህን ዕቃ ለማስመጣት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ሬጀንት ከሕክምና መሣሪያ ወገን ስለሚቆጠር፣ ዕቃው ሳይመዘገብና አስመጪው የብቃት ማረጋገጫ ሳይዝ ወደ አገር ሊገባ አይችልም። ይህን የሚያማርሩ ነጋዴዎች አሉ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ምዝገባው ሐቀኛውን አስመጪ ይጠቅመዋል፤ ምንጩ ያልታወቀ ዕቃ በሻንጣ ከሚያስገባ ሰው ጋር በዋጋ እንዳይሽቀዳደም ያደርገዋልና።

ሁለተኛው ነገር ውሉ ነው። መሣሪያው ውድ ስለ ሆነ ብዙ ላቦራቶሪዎች በጥሬ ገንዘብ አይገዙትም። ወኪሉ መሣሪያውን ያለ ክፍያ ያስቀምጥላቸዋል፤ እነርሱም ለተወሰኑ ዓመታት ሬጀንቱን ከርሱ ብቻ ለመግዛት ይፈርማሉ። በእኛም አገር ፕሌስመንት ይባላል። ኩራዙን በነጻ ሰጥቶ ጋዙን እንደ መሸጥ ያለ ነው። መሣሪያው በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ያለውን ምልክት ስለሚያነብ የሌላ ፋብሪካ ዕቃ አይቀበልም። ስለዚህ ወኪሉ ለዓመታት ገበያ አገኘ፤ ነገር ግን ለዓመታት ግዴታም ገባ። ሬጀንቱ ለአንድ ሳምንት ቢቋረጥ መሣሪያው ቆሞ የሚቀር፣ በሽተኛውም ከበር የሚመለስ ነውና።

ይህ ግዴታ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የታየው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዋጋውን በብር ቆርጦ፣ የምንዛሪን ለውጥ የሚመለከት አንቀጽ ሳያስገባ የተፈራረመ አስመጪ፣ ባመጣው ዕቃ ሁሉ ላይ ሊከስር፣ ወይም ውሉን አፍርሶ ስሙን ሊያጠፋ ሆነ። የዶላር ወረፋ መቅረቱ በአንጻሩ ያስገኘው ጥቅም አለ፤ ባንክ ደጅ የሚጠናበት ጊዜ አጥሯል። በዚህ ዕቃ ንግድ ደግሞ ጊዜ ራሱ ገንዘብ ነው፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ያለው ነው።

ሬጀንት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ሲሞቅ አንቲቦዲው ይበላሻል፤ በረዶ ሆኖ ሲረጋም እንዲሁ ይበላሻል። የተበላሸ ወተት ይሸታል፤ የተበላሸ ሬጀንት ግን አይሸትም፣ ቀለሙም አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሚሰጠው ቁጥር ነው። ስለዚህ ከፋብሪካው ጀምሮ እስከ ላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ድረስ ሙቀቱን በየሰዓቱ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ በሣጥኑ ውስጥ ሊኖር ይገባል፤ ዕቃውን የሚረከበው ሠራተኛም ደረሰኝ ላይ ከመፈረሙ በፊት ያን መዝገብ ያንብብ። በቦሌ የጭነት ክፍል ቀዝቃዛ መጋዘን አለ፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የደረሰ ጭነት ሰነዱ ሳይሟላ ቅዳሜና እሑድን ሊያድር ይችላል። ሰኞ ማለዳ የሚያወጣው አስተላላፊ ደግሞ ሣጥኑን ከሌላ ዕቃ ጋር በፒክአፕ ጭኖ ፀሐይ ላይ አቁሞ ምሳ ሊበላ ይችላል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው በሚባለው በአዲስ አበባ እንኳ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ለዚህ ዕቃ አይመችም። ጭነቱ በሳምንቱ መጀመሪያ እንዲደርስ ማዘዝና ሰነዱን አስቀድሞ ለጉምሩክ ማቅረብ ወጪ የለውም፤ የሚያድነው ግን ብዙ ነው።

ከቀን ገደቡ ጋር የተያያዘ አንድ ወጥመድም አለ። አንዳንድ የውጭ አቅራቢዎች ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ ዕቃ በግማሽ ዋጋ ያቀርባሉ። ይህ ጸሐፊ በሚሠራበት የንግድ ቤት የዚህ ዐይነት ፕሮፎርማ መጥቶ ያውቃል፤ ዕቃው በዚያን ቀን የቀረው ዕድሜ 3 ወር ነበር። ባንኩ፣ የጭነቱ ቀጠሮና ጉምሩኩ በወረቀት ላይ ሲደመሩ፣ ዕቃው ለላቦራቶሪ በሚደርስበት ቀን ከ5 ሳምንት የማይበልጥ ዕድሜ እንደሚቀረው ተገኘ። ስለዚህም ሳይታዘዝ ቀረ። ርካሽ መሆኑ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ብቻ ነበር።

ሌላው የሚዘነጋ ሒሳብ የተከፈተ ጠርሙስ ሒሳብ ነው። ለምሳሌ አንድ እሽግ 100 ምርመራ ይሠራል እንበል፤ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ 4 ሳምንት ብቻ ይቆያል እንበል። አንድ አነስተኛ ላቦራቶሪ በሳምንት 10 በሽተኛ ቢያገኝ በ4 ሳምንት 40 ይሆናል። መሣሪያው በትክክል መሥራቱን ለማረጋገጥ መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና፣ ኮንትሮል የሚባለው፣ በየሥራው ቀን ሁለት ጊዜ ቢመረመር፣ በ24 የሥራ ቀን 48 ይወስዳል። መሣሪያው ከአዲሱ እሽግ ጋር እንዲስማማ የሚደረገው ማስተካከያ 4 ይወስዳል። የቀረው 8 ይጣላል። እንግዲህ የ100 ምርመራ ዋጋ የሚከፍሉት 40 ሰዎች ናቸው ማለት ነው፤ የእያንዳንዱ ዋጋ ሁለት እጥፍ ተኩል ሆነ። ይህን ያላወቀ ባለ ላቦራቶሪ ዋጋውን በ100 ከፍሎ ይተምንና ሲከስር፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆርጠው ኮንትሮሉን ነው፤ በሽተኛው አያየውምና። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚወጣው ቁጥር እውነት ይሁን ሐሰት የሚያውቅ የለም። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ለመሄድ የሚመረመር ወጣት በሄፓታይተስ ቢ ውጤት ምክንያት ጉዞው ሊቀር እንደሚችል የታወቀ ነው፤ የቤተ ሰቡ መሬትና ከብት ለዚያ ጉዞ ተሸጦ ከሆነ፣ የአንዲት ጠርሙስ ኮንትሮል ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይተምነው። ሐቀኛ ወኪል እንዲህ ላለው አነስተኛ ደንበኛ መሣሪያ ከማስቀመጥ ይልቅ፣ ናሙናውን ሰብስቦ ሥራ ወደሚበዛበት ላቦራቶሪ እንዲልክ ቢመክረው፣ ለጊዜው ገበያ ቢያጣም ይሻለዋል።

የኤሌክትሪክ መቋረጥም አለ። መሣሪያው በሥራ መካከል ኀይል ሲያጣ የተጀመረው ናሙናና ሬጀንት ሁሉ ይባክናል። ስለዚህ በባትሪ የሚያቆይ ማረጋጊያና ጄኔሬተር ከመሣሪያው ጋር ባንድነት ሊታሰቡ ይገባል። የጥገና ሰው ከውጭ ማስመጣት ለአስመጪው እጅግ ውድ ነው። በ1945 ዓ.ም. የምሕንድስና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረውና የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው የአምስት ኪሎ የምሕንድስና ትምህርት ቤት በባዮሜዲካል ምሕንድስና ተማሪዎችን ያሠለጥናል። ወኪሎች ከዚያ የሚወጡትን ወጣቶች ቀጥረው ወደ ፋብሪካው ለሥልጠና ቢልኩ፣ ለአንድ የውጭ አገር ባለሙያ ጥቂት ጉዞዎች በሚከፍሉት ገንዘብ የራሳቸውን ሰው ያገኛሉ።

በመግቢያው ያልነው የባለ ሱቆች ጉዳይ ቀረ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በፒያሳም ሆነ በሌላው የከተማችን ገበያ፣ ፀጉርንና ጥፍርን ያሳምራል የሚባል ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን በውበት ዕቃ መደብሮችና በመድኃኒት ቤቶች በስፋት ይሸጣል። ባዮቲን ራሱ መርዝ አይደለም፤ በእንቁላልና በጉበት ውስጥ የሚገኝ ጠቃሚ ቫይታሚን ነው። ለአንድ ጎልማሳ በቀን ይበቃል የሚባለው 30 ማይክሮግራም ነው። በጠርሙሶቹ ላይ የሚነበበው ግን 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮግራም ነው፤ ይኸውም ከሚበቃው ከ160 እጥፍ እስከ 330 እጥፍ የሚያልፍ ነው። ሰውነት የተረፈውን ከሽንት ጋር ስለሚያስወግደው ገዢው ጉዳት አያይበትም። ጉዳቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ከዚህ በላይ አንደኛው አንቲቦዲ ከማግኔት ቅንጣት ጋር ይታሰራል ብለናል። በብዙ ፋብሪካዎች ዕቃ ላይ የሚታሰርበት ገመድ ይኸው ባዮቲን ነው። አንቲቦዲው ባዮቲን ተለጥፎበታል፤ ቅንጣቱ ደግሞ ባዮቲንን አጥብቆ የሚይዝ ስትሬፕታቪዲን የተባለ ፕሮቲን ለብሷል። የበሽተኛው ደም በባዮቲን የተሞላ ከሆነ፣ ነጻው ባዮቲን ቀድሞ ቦታውን ይይዛል፤ አንቲቦዲው ማረፊያ ያጣና ከያዘው ምልክት ጋር ይታጠባል። ብርሃኑም ያንሳል። መሣሪያው ብርሃኑ ያነሰው ትሮፖኒን ስለሌለ ነው ብሎ ይቆጥራል። ደረቱን ይዞ የመጣ የልብ ሕመምተኛ እንግዲህ «ልብህ ደኅና ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በኖቬምበር 2017 ዓ.ም.፣ ይህን አስመልክቶ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ ብዙ ባዮቲን ይወስድ የነበረ አንድ በሽተኛ የትሮፖኒን ውጤቱ በሐሰት ዝቅ ብሎ ከታየ በኋላ መሞቱ እንደ ደረሰው ገልጿል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. ማስጠንቀቂያውን አድሶ አውጥቷል።

የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። ዕጢው ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን ትንሽ ስለ ሆነ ሁለት አንቲቦዲ ባንድነት አይይዙትም፤ ስለዚህ ምርመራው በተገላቢጦሽ ይሠራል፤ ብርሃን ባነሰ መጠን ሆርሞኑ በዛ ማለት ነው። ባዮቲን ብርሃኑን ሲቀንሰው፣ በሁለት ፊርማ የሚለካው ቲ ኤስ ኤች ዝቅ ብሎ፣ የዕጢው ሆርሞን ግን ከፍ ብሎ ይነበባል። ሁለቱ ባንድነት ሲታዩ ዕጢው ያለ ልክ እየሠራ ነው የሚያሰኝ የተሟላ የበሽታ መልክ ይሰጣሉ። የታመመው የለም፤ የተወሰደው የፀጉር ኪኒን ብቻ ነው። ሐኪሙ ግን ወረቀቱን አምኖ ዕጢውን የሚያደክም መድኃኒት ሊያዝ ይችላል።

ይህን ሊያስቀሩ ከሚችሉት ሰዎች አንዱ ባለ ሱቁ ነው። አንዲት ገዢ መጥታ «እትዬ፣ ለፀጉር የሚሆነው ቫይታሚን አለ?» ስትል፣ ባለ ሱቋ ዕቃውን ስትሰጥ «ደም የምትመረመሪ እንደ ሆነ ይህን መውሰድሽን ለሐኪሙ ንገሪው» ብትል ገበያዋ አይቀንስም። የዋጋ ወረቀት በሚለጠፍበት ጠርሙስ ላይ ይኸንኑ በአማርኛ ጽፎ መለጠፍም ይቻላል፤ አስመጪው በጅምላ አሳትሞ ከዕቃው ጋር ቢያድለው ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነው። በአንዳንድ ፋብሪካዎች መመሪያ፣ በቀን ከ5,000 ማይክሮግራም በላይ የሚወስድ ሰው የመጨረሻውን ከወሰደ ቢያንስ 8 ሰዓት ሳያልፍ ደሙ እንዳይወሰድ ታዝዟል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ከዚህ የበለጠ ጊዜ ያስፈልገዋል። ደረቱን የታመመ ሰው ግን 8 ሰዓት ሊጠብቅ አይችልም፤ ባዮቲን መውሰዱን ወዲያው መናገር አለበት፤ የሚናገረውም የሚያውቅ ከሆነ ነው።

ፋብሪካዎቹ በበኩላቸው ዕቃቸውን አሻሽለዋል። ለምሳሌ የሮሽ የትሮፖኒን ምርመራ ቀድሞ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ናኖግራም በላይ ባዮቲን ሲገኝ ይሳሳት የነበረው፣ በአዲሱ ዕቃ እስከ 1,200 ናኖግራም እንዲችል ተደርጓል። ባዮቲንን ጭራሽ የማይጠቀሙ ምርመራዎችም በገበያ አሉ። አሮጌው ዐይነት አሁንም በአንዳንድ መጋዘን ሊገኝና በቅናሽ ሊቀርብ ስለሚችል፣ አስመጪው ኤል ሲ ከመክፈቱ በፊት በእሽጉ ውስጥ ያለውን መመሪያ ቅጂ ከአቅራቢው ያስልክ፤ በመመሪያው ውስጥ ምርመራውን ስለሚያዛቡ ነገሮች በተጻፈው ክፍል ከባዮቲን አንጻር የተመለከተውን ቁጥር ያንብብ፤ ቁጥሩንም ከዕቃው ስምና ከእሽግ ቁጥሩ ጋር በፕሮፎርማው ላይ እንዲጻፍለት ይጠይቅ።